ማንም ራሱን አይቁጠር

ውድ እታለም፣

ፖስታውን ስትከፍቺ አንዲት ነገር ዱብ ብላ ወድቃ ይሆናል። ቁልፍ ናት። አንሺያትና አጠገብሽ አስቀምጫት። የምን ቁልፍ እንደሆነች እጅሽ ያውቃት ይሆናል፤ ለምን እንደላክኋት የምነግርሽ ግን መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ከነገርኩሽ ቀሪውን አታነቢውም ብዬ ስለጠረጠርኩ ነው። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ጠረጠርኩ። አልተለወጥኩም።

አድራሻሽን ያገኘሁት ከማኅደርሽ ነው። የቆየ አድራሻ ነው፤ ቤት ቀይረሽ ይሆናል። ባልሽ ቀድሞ ያነበው ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ያንብበው አልኩ። ከአሁን በኋላ የሚደበቅ ነገር ያለኝ አይመስለኝም። ይመስለኛል ወይም አይመስለኝም።

መዝገብ ቤታችን እንዳለ ነው። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት እንደተያዩ ናቸው። ያንቺው ላይ ቦክስ ፋይል ከምሬበታለሁ፤ ባዶውን ሳየው እሱም የሚያየኝ ስለሚመስለኝ። መስኮቱ አሁንም እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። ከሥሩ ያለው መደርደሪያም እንደ ድሮው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ዘጠኝ ዓመት አብረን የተቀመጥንበትን ክፍል ሦስት ዓመት ብቻዬን ተቀመጥኩበት፤ ሦስቱ ከዘጠኙ ይረዝማል።

ሰዉ አሁንም "ስንጥር" ነው የሚለኝ። አዲስ የገቡትም ጭምር። ከየት እንደመጣ አያውቁትም። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገቢ ደብዳቤ ላይ ያለውን ፊርማ ከድሮ ፊርማ ጋር ሳመሳክር ያዝሽኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን እየፈለግክ ነው?"

"ሌላ ሰው ፈርሞለት ቢሆንስ?"

"ለምኑ? ለአንድ ፓኮ እስክሪብቶ መጠየቂያ?"

"አይታወቅም።"

ሳቅሽ። "ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር ይላሉ። አንተ ግን ገንፎው የለ፣ ሳህኑ የለ፣ ስንጥሩ ብቻ!"

በማግስቱ ሕንፃው ሁሉ ስንጥር አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቅጽል ስም የወጣለት ሰው የትም ቢሆን ተቆጥሯል ማለት ነው።

ስለ ዝርዝሩ ልጻፍልሽ። ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ በማውቀው በኩል አታውቂውም።

አለቃችን ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ከውጭ የሚመጡት አጋሮቻችን ማን ምን እንደሚሠራ ሊገባቸው እንዳልቻለ ነገረን። ስለዚህ እያንዳንዱ የሥራ መደብ ከእኛው መጠሪያ ጎን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ይውጣለት፤ በየበሩ፣ በየመታወቂያው፣ በየደብዳቤው ግርጌ ይግባ። "እናንተ ስም አዋቂዎች ናችሁ" አለን። "አዋቂዎች እንኳ አይደለንም፤ አስቀማጮች ነን" አልሽው። አልሳቀም። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ጠረጴዛሽ ላይ ጥሎልን ሄደ።

ያን ሳምንት ያህል የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መቶ ምናምን መደብ። የመጀመሪያውን ቀን ያጠፋነው ቃል መጨረሻ ላይ በምትንጠለጠለው፣ ነጠላውን ብዙ በምታደርገው በዚያች በ"ስ" ነው።

"ይህቺ ፊደል መዘዝ ናት" አልሽ። "አንዱ ላይ ትመጣለች፣ አንዱ ላይ ትቀራለች። ጫማ ሠሪ 'ሹ ሜከር' ነው የሚለው። ሹ አንድ ነው። ምነው፣ አንድ እግር ላለው ብቻ ነው የሚሠራው?"

"መጠሪያ ነዋ። አንዱ ስለ ሁሉም ይቆማል።"

"እሺ፣ ሽያጩስ? 'ሴልስ ማናጀር' ይላል። እዚህኛው ላይ ምን ልታደርግ መጣች?"

"አንድ ጊዜ ሸጦ የሚቀመጥ እንዳይመስል ይሆናል።"

"እንዲያ ከሆነ የእኛው የሽያጭ ኃላፊ ያለ 'ስ' ይጻፍ። እኔ ሲሸጥ ያየሁት አንድ ቀን ነው።"

አንቺ ሳቅሽና ቀጠልሽ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። በእኛ ቋንቋ ዓሣ አጥማጅ ስንል አንዲት ዓሣ አንጠልጥሎ የሚገባ ሰው አይታየንም። ንብ አርቢ ስንል አንዲት ንብ በክር አስሮ የሚጠብቅ ሰው አይታየንም። ነጠላው ብዙውን በሆዱ ይዞ ዝም ይላል፤ እኛም እናምነዋለን። እንግሊዝኛው አንዳንዴ ያምናል፣ አንዳንዴ ይቆጥራል። መቼ እንደሚያምን፣ መቼ እንደሚቆጥር ግን አስቀድሞ አይናገርም። ይህ አስፈራኝ። ቋንቋውን ራሱን ጠረጠርኩት።

በሦስተኛው ቀን ደንብ አወጣሁ። ከፊት ያለው ቃል መዝገበ ቃላቱ እንዳለው ይሁን፤ የመጨረሻው ቃል ግን፣ ሹሙም ሆነ ሠራተኛው፣ ሁልጊዜ ነጠላ ይሁን። "መጠሪያው የወንበሩ ነው፣ የሰዎቹ አይደለም" አልኩሽ። "አሥር ሾፌር ቢኖር መጠሪያው 'ድራይቨር' ነው። ስንት እንደሆኑ በሌላ ቅጽ ይቆጠራል።"

"የእኛውስ? ሁለት ነን እኮ። 'ሪከርድስ ኦፊሰርስ' እንበለው። መዝገቡም ብዙ፣ እኛም ብዙ።"

"ደንብ ለራስ ሲሆን አይታጠፍም።"

"አይ ስንጥሬ! ይህችን አንዲት ፊደል ብትለቅልኝ ምን ትሆናለህ?"

"ነገ ሁሉም ይለቀቅልኝ ይላል።"

እጅሽን አወናጨፍሽና ተውሽው። በራችን ላይ "ሪከርድስ ኦፊሰር" የሚል ታፔላ ተሰቀለ። የሰቀለው ያ የጥገናው ሰውዬ ነው፤ ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየና፣ "ከሁለታችሁ የቱ ነው ኦፊሰሩ?" አለ።

"እሱ ነው" አልሽው። "እኔ መዝገቧ ነኝ።"

ሦስታችንም ሳቅን፤ ድምፃችን ኮሪደሩን ሞላው። ሳቁ ሲያልቅ ግን እኔ፣ "እሱ ነው" ያለችው ለምንድን ነው? ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ለአዲስ መዋቅር የሚሆን የሠራተኛ ቆጠራ መጣ። የጋራዡ ኃላፊ ሰባት ሾፌር ብሎ ላከ፤ ብናጣራ አንዱ ጡረታ ከወጣ ዓመት አልፎታል፣ አንዱ ደግሞ ገና ያልተቀጠረ የእህቱ ልጅ ነው። ያኔ ነው ሁለተኛውን ደንብ ያወጣሁት። እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ማንም ራሱን አይቁጠር። ጋራዡን ግምጃ ቤት ይቁጠረው፤ ግምጃ ቤቱን ጥበቃ፣ ጥበቃውን ጋራዥ። በቅጹ ላይ ለአንድ ሰው አንድ መስመር፤ በመስመሩ ላይ የተቆጣሪው መታወቂያ ቁጥርና የቆጣሪው ፊርማ። አለቃችን በጣም ወደደው። "አንተ ሰው አታምንም፤ ጥሩ ነው" አለኝ። እንደ ሽልማት ነበር የተቀበልኩት።

የእኛን ማን ይቁጠረን ስል፣ "በሁለታችን መሃል ሦስተኛ ሰው ምን ይሠራል?" አልሽኝ። "እኔ አንተን እቆጥርሃለሁ፣ አንተ እኔን ቁጠረኝ።" እስክሪብቶሽን አንስተሽ የመታወቂያ ቁጥሬን ጻፍሽው። የትም ሳታዪ። በቃልሽ ታውቂው ነበር። ፈረምሽና ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረግሽው።

እኔ ያንቺን በቃሌ አላውቀውም ነበር። "ቆይ፣ ከማኅደርሽ ላመሳክር" አልኩሽ።

ያ ዓርብ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከአለቃችን ክፍል ስትወጪ አየሁሽ። የታጠፈ ወረቀት ይዘሽ ነበር።

"ምን ፈልጎሽ ነው?"

"እኔ ነኝ የፈለግኩት።"

"ለምን?"

"ይደርስልሃል። አትቸኩል።" ዓይንሽ ይስቅ ነበር።

ይደርስልሃል። ይህችን ቃል ይዤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያዛውሩ ነው የሚል ወሬ በዚያ ሰሞን ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ጠይቃለች አልኩ። ጠይቃ ፈርሞላታል። ታዲያ ለምን አትነግረኝም? ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ያልተባባልነው ምን አለ? ያልተባባልነው ካለ ደግሞ ስንት ነው? አንድ ነው ወይስ ብዙ?

ቅጹ ፊቴ ነበር። ማኅደርሽን አውጥቼዋለሁ። ቁጥርሽ ፊቴ ነበር። ሁለተኛው መስመር ነጭ ነበር።

አልጻፍኩትም።

ሰኞ እጽፈዋለሁ አልኩ። ወደ ላይ የምትሄድ ከሆነ እዚህ ለምን ትቆጠራለች አልኩ። ምን እንዳሰበች ልወቅና እጽፋለሁ አልኩ። ቅጹን ከሌሎቹ ሥር አስገብቼ፣ ጠረጴዛሽ ላይ በደረቱ አስተኝቼው ወጣሁ።

ሰኞ ቀድመሽ ገብተሽ ነበር። ሁልጊዜም አንቺ ነበርሽ የምትቀድሚው፤ የክፍሉ ቁልፍ አንድ ነበር፣ እሱም ባንቺ እጅ ነበርና። የቀደምኩሽ ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይ እጠብቅሻለሁ። በዚያ ሰኞ ስደርስ ጠረጴዛሽ ባዶ ነው።

"አለቃችን መጥቶ ወሰዳቸው፤ ተገላገልን!" አልሽኝ።

"አየሻቸው?"

"ምኑን? ያንተን እጅ ያለፈ ነገር እንደገና ልይ?"

ከእኛ ክፍል እስከ አለቃው ክፍል አሥራ አራት ደረጃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አራት ደረጃ ወጥቶ፣ "አንድ መስመር ረስተናል" ማለት ብቻ ነበር። "ረስተናል" ማለት አልቻልኩም። አንቺ አልረሳሽም። እኔም አልረሳሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱ መዋቅር መጣ። መዝገብ ቤት፣ አንድ መደብ፣ አንድ ሰው። የእኔ ቁጥር። በሩ ላይ ካለው ታፔላ ጋር በትክክል ይገጥም ስለነበር ማንም አልጠየቀም። "ኦፊሰርስ" ብንል ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ሁለተኛው የታለ ይል ነበር።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሽው። "ለካ እኔ የለሁም" አልሽ። ከዚያ አየሽኝ። እኔ ስቴፕለሩን ከፍቼ የሽቦውን ልክ ሳይ ነበር። ሳታለቅሺ፣ ሳትጮሂ ዕቃሽን መሰብሰብ ጀመርሽ። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? ያልደነገጠ ሰው ያወቀ ነው አልኩ።

በመጨረሻው ቀን ቁልፍሽን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሽና፣ "ከእንግዲህ ኮሪደር ላይ አትቆምም" አልሽኝ። ሽሙጥ ፈለግኩበት። አገኘሁ። የሚፈልግ ሰው መቼ ያጣል።

አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሄድሽ በሳምንቱ መሳቢያሽን ስከፍት፣ ከካርቦን ወረቀቶች ሥር ትንሽ ፖስታ አገኘሁ። ውስጡ አዲስ የምታብረቀርቅ ቁልፍ። በሩ ላይ ሞከርኳት፤ ዞረች። ሁለተኛ ቁልፍ! ያኔ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። እኔ ሳልኖር ትገቢ ነበር አልኩ፤ የመጀመሪያዋም ባንቺ እጅ እንደነበረች ረስቼ። ገብተሽ መስመሩን ፍቀሽዋል። እኔ የጻፍኩትን መስመር።

ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ጽፌዋለሁ ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኝ ነበር። የቁጥርሽ የመጨረሻዋ ሰባት ትንሽ እንደጎበጠች ትዝ ይለኝ ነበር። ሰው የራሱን መስመር ለምን ይፍቃል? ይህን የሚጠይቅ ሰው በውስጤ አልነበረም። ተጠርጣሪው ከተገኘ ምክንያቱ የትም አይሄድም። እኔን ጥፋተኛ ለማድረግ አልኩ። ወይም በሌላ በኩል የተሻለ ቦታ ተዘጋጅቶላታል አልኩ። ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ቀለበት አስሬ፣ በድሮዋ እየከፈትኩ፣ አዲሲቱን እንደ ማስረጃ ይዤ ሦስት ዓመት ዞርኩ።

ባለፈው ወር አዲስ የሰው ኃይል ኃላፊ መጣች። ገና በሁለተኛው ቀኗ ክፍሌ ገብታ መደርደሪያውን አየችና፣ "ይህን ሁሉ ብቻህን?" አለችኝ።

"ብቻዬን።"

"ሁለት ነበራችሁ አሉኝ። ሁለተኛ መደብ አስፈቅጃለሁ። ያቺ ሴትዮ ሥራውን ታውቀዋለች፤ ብትመለስ አይሻልም?"

"አላውቅም" አልኩ። "ፈቃደኛ መሆኗን እጠራጠራለሁ።"

"እሷን እንጠይቃታለን። አንተ ማኅደሯን አምጣልኝ።"

ማኅደርሽ ከወንበሬ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። የሕንፃውን ሰው ሁሉ ማኅደር ስከፍት ስዘጋ፣ ያንቺን ሦስት ዓመት አልነካሁትም። አወጣሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ የአለቃችን ማስታወሻ አለ። "የራሷን ክፍል ቆጠራ በቸልተኝነት አጉድላ ያስረከበች በመሆኑ ወደፊት በዚህ መደብ እንዳትመደብ።" ከሥሩ የተጠየቅሽውና የመለስሽው፣ በእጅሽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ "ቅጹን ያስረከብኩት እኔ ነኝ።" ሌላ ምንም። ከእሱ ጋር ቅጹ ተያይዟል።

ቅጹን ነቅዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። የላጲስ ሻካራ፣ የምላጭ ጭረት፣ የጎበጠች ሰባት ፈለግኩ። ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እስክሪብቶ ያለፈበት ወረቀት ከጀርባው ያብጣል። የመጀመሪያው መስመር፣ ያንቺ ጽሕፈት፣ አብጧል። ሁለተኛው ልሙጥ ነው። እጅ ነክቶት አያውቅም። ወረቀት እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ እንኳ፣ ቁልፉስ? አልኩ። ቁልፉ አለ። ይህን ስል ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ።

በማግስቱ የጥገናው ሰውዬ በሮቹን ሊያድስ መጣ። ታፔላውን እየፈታ ቀለበቴን አየ።

"አንተ፣ ያቺ ቁልፍ አሁንም ታብረቀርቃለች። አትጠቀምባትም እንዴ?"

"የቷን?"

"ያስቀረጽኩልህን ነዋ! ሴትዮዋ አለቃውን አስፈርማ የሰጠችኝን። 'ለስንጥሬ ናት' አለችኝ። 'ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ሲጠረጥር ሳየው አንጀቴን ይበላዋል።' እኔ ሳመላልስ ዘገየሁባት። ያደረስኩላት በመጨረሻው ቀኗ ከሰዓት በኋላ፣ አንተ ምሳ ላይ እያለህ ነው። 'መሳቢያዬ ውስጥ እተውለታለሁ፣ ሲፈትሽ ያገኘዋል' አለች። 'መፈተሹ መቼም አይቀርም' ብላ ሳቀች።"

አላመንኩትም። ምን ያስዋሸዋል? አላውቅም፤ ብቻ አላመንኩትም። የዚያን ዓመት መጠየቂያዎች ፋይል አውርጄ ገለጥኩ። አለ። የዚያ ዓርብ ቀን አለው። በእጅሽ የተጻፈ ነው፦ "ለመዝገብ ቤት አንድ ተጨማሪ ቁልፍ እንዲቀረጽ፤ ሠራተኞቹ ሁለት ስለሆንን።" የአለቃው ፊርማ አለበት። ከፊርማው አጠገብ ደግሞ ትንሽ የእርሳስ ምልክት፣ የእኔ ምልክት፤ ፊርማ ሳመሳክር የማደርጋት። ሰኞ ዕለት ገብቶ፣ ማኅተም መትቼበት፣ ፊርማው ትክክል መሆኑን አረጋግጬ፣ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፊርማውን አይቼ ጽሑፉን አላነበብኩም። ከፊርማው አንድ መስመር ከፍ ብዬ ባነብ ኖሮ፣ "ሁለት ስለሆንን" የሚለውን አገኘው ነበር፤ አሥራ አራቱንም ደረጃ በሩጫ እወጣው ነበር። ይመስለኛል። እንደምወጣው እርግጠኛ ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ሌላ ውሸት እንዳይሆን ፈራሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያኔ ለምን ዝም አልሽ? "እሱ ነው ያልቆጠረኝ" ማለት ትችይ ነበር። ደግነት ነው? ወይስ እየቆየ እንዲፈጀኝ ብለሽ ነው? ወይስ ቅጹን ሳታዪው አስረክበሽ፣ የራስሽ ስህተት መስሎሽ ኖረሻል? ይህ የመጨረሻው ነው የሚከፋኝ። መልስ አያሻም ብል ደስ ባለኝ። ያሻል።

ትናንት ለኃላፊዋ ጽፌ ሰጠኋት። አንዱን ግልባጭ ማኅደርሽ ውስጥ፣ ከአለቃችን ማስታወሻ በላይ አስቀመጥኩ። አንዱን ደግሞ በእኔው ማኅደር። ቆማ አነበበችው።

"ስለዚህ ያልቆጠርካት አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ጠርጥሬያት ነበር።"

"በምን?"

"አላውቅም።"

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። "አሁን ሁለት መደብ አለ" አለች። "የአንዱን ነገር ለሴትዮዋ እጽፍላታለሁ። ሌላው ያንተ ሆኖ ይቆያል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።"

"አይደለም" አልኳት።

እንግዲህ ደብዳቤዋ ከእኔው ጋር ወይም ከእኔው ቀጥሎ ይደርስሻል። ስትመልሺላት ስለ እኔ አታስቢ። እባክሽ። ስትመጪ ምናልባት እኔ አልኖርም፤ ጠረጴዛሽን ግን ዛሬ ባዶ አድርጌዋለሁ። ቦክስ ፋይሎቹ መሬት ላይ ናቸው። የመታወቂያ ቁጥርሽን በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጨረሻዋ ቁጥር ሰባት እንኳ አይደለችም።

የጥገናው ሰውዬ አዲሱን ታፔላ ምን ብሎ እንደሚያስጽፍ ጠየቀኝ።

"'ሪከርድስ ኦፊሰርስ' በል።"

"በሁለቱም ላይ 'ስ'?"

"በሁለቱም።"

"አንተ ብቻህን አይደለህ እንዴ? ሁለተኛው የታለ ቢሉህስ?"

"ቁልፉን ይዛለች እላቸዋለሁ።"

የላክሁልሽ የድሮዋን ነው፤ ያንቺን፣ መያዣዋ በአውራ ጣትሽ የለሰለሰችውን። የእኔን ይዣታለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የሞከርኳት ለምርመራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ከፍቼ ገባሁባት። ትንሽ ታስቸግራለች። በሩን ወደ ራስ ሳብ አድርጎ መክፈት ነው።

ከሁለቱ አንዱ፣
ስንጥር

ማስታወሻ፦ ፖስታው ተከፍቶ የታሸገ ከመሰለሽ ማንንም አትጠርጥሪ። እኔ ነኝ። ቁልፉ ውስጡ መኖሩን ለማየት ሁለት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።